ስለ ፖሊኬት ትሎች ዝርያ ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፖሊኬቶች በግራና በቀኝ ጎናቸው ጠንካራ ጸጉር ያላቸው የባሕር ትሎች ናቸው። በሞቃታማ ደሴቶች ዙሪያ ዝርያዎቻቸውን የሚመዘግብ ሰው አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ናሙናው ባልዲ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

«ትል ያለው ጭቃና አሸዋ ውስጥ ነው»
እዚያም አለ። የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ትናንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት አለት) ባለበት ደሴት ግን እጅግ ብዙ ዓይነት የሚገኘው በሞተ ኮራል ስብርባሪ ውስጥ ነው። ስብርባሪው እዚያው ባሕር ውስጥ ፕላስቲክ ከረጢት ይገባና አፉ ይታሰራል፤ ክፍቱን ወደ ላይ ከወጣ ትናንሾቹ ከሚፈሰው ውሃ ጋር ይሄዳሉ። ከዚያ የባሕር ውሃ በያዘ ባልዲ ጥላ ሥር ያድራል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ብዙዎቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ኮራሉን ቦርቡረው የሚኖሩት ግን ስለማይወጡ በመዶሻና በመሮ ቀስ እያሉ መፈልፈል ያስፈልጋል። ጎትተው ካወጧቸው ይበጠሳሉ፤ ጭንቅላት የሌለው ቁራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝርያው አይታወቅም።

«1 ሚሊሜትር ወንፊት ይበቃል»
ትሎቹ የወጡበት የባልዲ ውሃ በወንፊት ሲጣራ ሲሊድ የሚባሉት ቀጫጭን ትሎች ያመልጡታል። 0.5 ሚሊሜትር፣ ከተቻለም 0.3 ይሻላል።

«ትሉን በቁሙ አልኮል ውስጥ መክተት ነው»
እንዲህ ሲደረግ ይጠቀለላል፣ ይቆራረጣል፤ ቅርፊት ያላቸው ትሎች መለያቸው የሆነውን ቅርፊት ያራግፋሉ። አስቀድሞ ማደንዘዝ ይገባል፦ 73 ግራም ገደማ የማግኒዥየም ክሎራይድ ክሪስታል በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይሟሟና ከባሕር ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። ትሉ በመርፌ ሲነካ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደንዝዟል። ቀለሙ በኋላ ስለሚጠፋ ፎቶ የሚነሣው አሁን ነው።

ቀጥሎ ከጅራቱ በኩል ለዲኤንኤ የሚሆን ቁራጭ ተቆርጦ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ይህ ከፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ ከሚያደርገው ፈሳሽ) በፊት መሆን አለበት፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። የቀረው አካል 1 እጅ ፎርማሊን ከ9 እጅ የባሕር ውሃ ጋር በተቀላቀለበት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆይና በውሃ ታጥቦ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ የቆየ ፎርማሊን አሲድ ይሆናል፣ የእሳት ትል የሚባለው የሚያቃጥል ትል ጸጉር ደግሞ ካልሲየም ያለበት ስለሆነ ይሟሟል። አሲዱን የሚያለዝብ ቦራክስ የሚባል ዱቄት ይጨመርበት። በሕይወት ያለው የእሳት ትል በባዶ እጅ ከተያዘ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል።

«ጥሩ ፎቶ ካለ ዝርያው ይለያል»
አልፎ አልፎ ብቻ። አብዛኛውን የሚወስነው የጸጉሩ ጫፍ ነው። ከመሐል አካሉ አንድ የጎን እግር ተቆርጦ በግሊሰሪን ጠብታ መስታወት ላይ ይደረግና በማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ይታያል፤ የጸጉሩ ጫፍ አንድ ጥርስ ወይም ሁለት ጥርስ መሆኑ ብቻ ዝርያ ሊለይ ይችላል።

«አንዱ ዝርያ በሞቃት ባሕሮች ሁሉ አለ»
የድሮ ዝርዝሮች እንዲህ ይላሉ፤ ሊታመኑ አይገባም። የገና ዛፍ ትል የሚባለው ስፓይሮብራንከስ ጊጋንቴየስ በካሪቢያንም በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስም እንዳለ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የካሪቢያኑ ብቻ ነው። የእሳት ትሏ ዩሪቶይ ኮምፕላናታም በዲኤንኤ ስትመረመር ከአንድ በላይ ዝርያ ሆና ተገኝታለች። ስለዚህ ትሉ ስሙ መጀመሪያ ከወጣለት ቦታ ርቆ ከተገኘ ከስሙ ሁለተኛ ቃል ፊት «ሲኤፍ» (cf.) ይጻፍ፤ ማመሳከር የሚቀረው መሆኑን ያሳያል።

«ስሙን ጠርሙሱ ላይ በማርከር መጻፍ ይበቃል»
አልኮል ያጥበዋል። ቦታው፣ ጥልቀቱና ቀኑ በእርሳስ በወፍራም ወረቀት ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል።