ልብ «ውሃ ቋጠረ» ሲባል መግል ማለት ነው?

ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ በየቡናው «ልቡ ውሃ ቋጠረ» የሚለው ወሬ በዝቷል። አንዱ ቲቢ ነው ይላል፣ ሌላው መግል።

ልባችን በስስ ከረጢት ተሸፍኗል። ጤነኛ ሰውም እዚያ ውስጥ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለው፤ ልብ ሲመታ እንዳይፋተግ ያለሰልሳል። ችግሩ ሲበዛ ነው። ቫይረስ፣ የኩላሊት ድካም ወይም ካንሰር ያበዛዋል። እኛ አገር ግን ቶሎ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው።

መግሉ ሌላ ጣጣ ነው። ብርቅ ነው፣ ግን ጊዜ አይሰጥም። ለምሳሌ አንድ ሰው ሳንባ ምች ይዞት ባክቴሪያው ወደ ከረጢቱ ተሻገረ እንበል። ትኩሳቱ ይንራል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ አንዳንዱን ደረቱን ይወጋዋል። ቲቢው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት እያዘገመ ይመጣል፤ ይሄኛው በቀናት ውስጥ ልብን አፍኖ ሊገድል ይችላል።

እርግጡ ይሄ ነው፦ መግሉ መውጣት አለበት፣ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። የሚለያየው አወጣጡ ነው፤ በመርፌ ተቀድቶ፣ በቱቦ ወይም በቀዶ ጥገና። የፀረ ባክቴሪያው ጊዜም እንደ ታማሚው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ፈሳሽ መኖሩን ያሳያል። መግል መሆኑ የሚረጋገጠው ተቀድቶ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር አብረው ከመጡ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትንከራተቱ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።