ፀረ ተባይ ኬሚካልና የጅማ የውሃ ዳር ወፎች

ጅማ ረግረግ አያጣትም። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ቦዬና ኪቶ የሚባሉት ረግረጎች አሉ። ቦዬ ስሙ የሚነሳው በጉማሬው ነው፤ ለኔ ግን ወፎቹ ይበልጣሉ። ሽመላው፣ ባለ ዘውዱ ክሬን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው ባለ ቆልማማ ምንቃር አይቢስ እዚያ ይታያሉ። በመስከረም አካባቢ ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶችም ይጨመራሉ።

አብዛኞቹ እግራቸውን ጭቃ ውስጥ ነክረው ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ ትልና ትናንሽ ዓሣ ይለቅማሉ። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ነው። የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከማሳ ያገኘውን ጠርጎ ወደ ረግረጉ ይወስዳል።

ቡና እንኳ ብዙም አይረጭም። የሚረጨው ጫቱና አትክልቱ ነው። ጫት የሚሸጠው ቅጠሉ ስለሆነ፣ ተባይ የነካካውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ማላታይን የሚባል ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ከተገኘም ዲዲቲ። ዲዲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ አይፈቀድም፤ እንደ ወባ ያሉ በነፍሳት የሚተላለፉ በሽታዎችን ለመከላከል ነው የተተወው። ያም ሆኖ ጫት ማሳ ላይ ተገኝቷል። ጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት በምግብ እህል ውስጥ ሳይቀር ቅሪቱ ታይቷል። ርጭቱ ሲያልቅ መርጫው የትም አይሄድም፣ ቅርብ ያለ ቦይ ላይ ይለቀለቃል። ባዶው ጠርሙስ እዚያው ይወረወራል፤ ሲብስም ዘይት ይያዝበታል።

ሁለቱ ኬሚካሎች ጉዳታቸው ለየቅል ነው። ማላታይን ቶሎ ይበሰብሳል፤ ግን የነርቭን መልእክት የሚያቆመውን ኢንዛይም ያግዳል። ብዙ የገባበት ወፍ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ክንፉ ይወድቃል፣ መቆም ያቅተዋል። ትንሽ የገባበት አይሞትም፤ ይፈዛል። የፈዘዘ ወፍ ደግሞ ዓሣ አይዝም፣ ከጭልፊትም አያመልጥም።

ዲዲቲ ግን አይቸኩልም። ከትል ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ ሲተላለፍ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስብ ውስጥም ይቀመጣል። ወፏ ርቃ ስትበር ወይም ስትራብ ስቡ ይቀልጣል፣ መርዙም ደሟ ውስጥ ይገባል። ዲዲቲ ሲሰባበር የሚፈጠረው ዲዲኢ ደግሞ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳል። ታቅፋው ስትቀመጥ ከሥሯ ይሰበራል። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ዲዲቲን ስታግድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ፀረ አረሙም ለወፎቹ መደበቂያ የሚሆናቸውን ሣር ያደርቃል።

ጥፋቱን ሁሉ በኬሚካል ማላከክ ግን ልክ አይደለም። ረግረጉ ለጡብ አፈር ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ይታረሳል። ሣሩ በተነሳ ቁጥር ከማሳ የሚወርደውን ውሃ አጣርቶ የሚያስቀር ነገር አይኖርም።