የእጅ ጽሑፍ ስለ ጸሐፊው ምን ይናገራል? ጠባይ፣ ትውልድና የፊደል ዲዛይን

የእጅ ጽሑፍ ከሰው ሥራዎች ሁሉ ለባለቤቱ እጅግ ከቀረቡት አንዱ ነው። የወዳጃችንን እጅ የምናውቅ ከሆነ የላኪ ስም ያልሰፈረበትን ፖስታ ገና ስናየው ከማን እንደ መጣ እንለያለን፤ በዚህም እምብዛም አንሳሳትም። እጁ ማንነትን ካሳወቀ ጠባይንም ያሳውቃል ብሎ ማሰብ ከዚህ በኋላ አይከብድም፤ ከ400 ዓመታት ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎችም እንዲሁ አስበዋል። እስከ ዛሬ የተከማቸው ማስረጃ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የእጅ ጽሑፍ ከጸሐፊው ጠባይ ይልቅ መጻፍ የተማረበትን ዘመን፣ የተከተለውን የፊደል አምሳያ፣ የያዘውን ብዕርና የአካሉን ሁኔታ አጥርቶ ይናገራል። ጠባይ ሆኖ የሚታየው ነገር በአብዛኛው ከአንባቢው ዘንድ የሚመጣ ነው፤ ይህን የአንባቢ ዝንባሌ ደግሞ ጠንቅቀው የሚያውቁትና የሚሠሩበት የፊደል ዲዛይነሮች ናቸው። (ቀጥሎ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዱ እጅ ከሌላው ለምን እንደሚለይ ለመረዳት መነሻው እንቅስቃሴ ነው። መጻፍ የሚጀምር ልጅ እያንዳንዱን መስመር በዓይኑ እየተከተለ ይስላል እንጂ አይጽፍም። ከዓመታት ልምምድ በኋላ እንቅስቃሴው በአእምሮው ተቀርጾ ያለ ሐሳብ የሚፈስ ይሆናል። የሚቀረጸውም የጣቶች እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ ደብተር ላይ በጣቶቹና በእጅ አንጓው የሚጽፍ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በክንዱና በትከሻው ሲጽፍ የፊደሎቹ መልክ እንዳለ ይቆያል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማርክ ራይበርት በ1977 አንድ ዓረፍተ ነገር በቀኝ እጅ፣ አንጓው ታስሮ በክንድ፣ በግራ እጅ፣ ብዕር በጥርስ ተነክሶና በእግር ተጽፎ ምን እንደሚመስል አሳይቷል። መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ቢሄድም ፊደሎቹ የአንድ ሰው መሆናቸው በግልጽ ይታያል።

ይህ ልማድ ከባዶ አይነሣም። መነሻው በትምህርት ቤት የተሰጠ አምሳያ ነው፤ አምሳያውንም አንድ ዲዛይነር ወይም የጽሕፈት መምህር ቀርጾታል። ለዚህ ከጀርመን የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። የበርሊኑ ሠዓሊ ሉድቪግ ዙተርሊን ከጀርመን ግዛቶች አንዷ በነበረችው በፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ በ1911 ለሕፃናት የሚሆን ጽሕፈት ቀረጸ። ከእርሱ በፊት የነበረው ኩረንት የተባለው ጽሕፈት ወደ ቀኝ ያዘነበለና በሹል ብዕር ጫናን እየለዋወጡ ቀጭንና ወፍራም መስመር የሚያወጡበት በመሆኑ ለልጅ እጅ ይከብድ ነበር። ዙተርሊን ፊደሎቹን ቀጥ አድርጎ አቆማቸው፣ የመስመሩን ውፍረት አንድ ወጥ አደረገው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉትንም ክፍሎች ከመካከለኛው ጋር እኩል አደረጋቸው። ጽሕፈቱ ከ1915 ጀምሮ በፕሩሲያ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ በ1941 ግን የናዚ መንግሥት አስወጥቶ በላቲን ጽሕፈት ተካው። በአንድ ውሳኔ ትውልድ ከትውልድ በጽሑፍ ተለያየ፤ ዛሬ ብዙ ጀርመናውያን የአያቶቻቸውን ደብዳቤ ለማንበብ የሰው እርዳታ ይሻሉ።

ከዚህ ጽሕፈት የቀረች አንዲት ምልክት በተለይ ልትታይ ይገባል። በአሮጌው ጽሕፈት “ኡ” (u) እና “ኤን” (n) የተባሉት ፊደሎች ሁለቱም ጥንድ ቋሚ መስመሮች ስለነበሩ እንዳይምታቱ በ“ኡ” ራስ ላይ ትንሽ ቅስት ትደረግ ነበር። በላቲኑ ጽሕፈት ይህች ቅስት አታስፈልግም። ሆኖም በልጅነታቸው አሮጌውን የተማሩ ብዙዎች ወደ ላቲኑ ከተሻገሩም በኋላ እስከ እርጅናቸው ሲጽፏት ኖረዋል። ቅስቷ ስለ ጸሐፊው ቸርነትም ሆነ ትዕቢት የምትናገረው የለም፤ መቼ አካባቢ ትምህርት ቤት እንደ ገባ ግን ከብዙ ሰነድ በተሻለ ትመሰክራለች።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የፕላት ሮጀርስ ስፔንሰር ጌጠኛ ጽሕፈት የንግድ ቤትና የደብዳቤ ጽሕፈት ሆኖ ተስፋፋ። በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ኦስቲን ኖርማን ፓልመር ጌጡን ቀንሶ ለፍጥነት የሚመች ጽሕፈት አስተማረ፤ ጸሐፊዎች ከጽሕፈት መኪና ጋር በሚወዳደሩበት ወቅት ይህ ተፈላጊ ነበር። የኮካ ኮላ ስም ዛሬም የሚታይበት ጽሕፈት በ1886 የድርጅቱ ሒሳብ ያዥ ፍራንክ ሮቢንሰን በስፔንሰር ስልት የጻፈው ነው። የዘመኑ ሒሳብ ያዦች ሁሉ ተምረውት የነበረ እጅ የአንድ መጠጥ መለያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ የዛሬ ተመልካች ደስታና ናፍቆት የሚያይበት ጥምዝ በጊዜው ተራ የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት ነበር።

ከአምሳያው ቀጥሎ መሣሪያው ይመጣል። የላባ ብዕርም ሆነ በ19ኛው መቶ ዘመን የተካው የብረት ብዕር ወደ ታች ሲሳብ ጫፉ ተከፍቶ ወፍራም መስመር ያወጣል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ግን ካልቀለለ ወረቀቱን ይቧጥጣል። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ የሚታየው የወፍራምና የቀጭን መፈራረቅ የነፍሳቸው ጭብጥ ሳይሆን የብረቱ ጠባይ ነው። ሃንጋሪያዊው ላስሎ ቢሮ በ1938 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት እስክሪብቶ ይህን ሁሉ ለወጠ። በጫፉ ያለችው ኳስ በየትኛውም አቅጣጫ ትንከባለላለች፣ የምታወጣውም መስመር ውፍረቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ወፍራም በመሆኑ ጫና ይጠይቃል። ጣት እስኪቀላ ድረስ ብዕር መጨበጥ የእስክሪብቶ ዘመን ልማድ ሲሆን በቀለም ብዕር የሠለጠኑ መምህራን አጥብቀው ተቃውመውታል። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች እስክሪብቶ የተፈቀደው በ1965 ነው።

አምሳያም መምህርም ሳይኖረው የተወለደ የትውልድ ጽሕፈትም አለ። በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ልጃገረዶች ፊደሎችን ክብ ክብ እያደረጉ፣ በቀጭን ተገፊ እርሳስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መጻፍ ጀመሩ፤ በመካከሉ ልብና ኮከብ ያስገቡ ነበር። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ያማኔ ካዙማ በ1980ዎቹ ባደረገው ጥናት ልጃገረዶቹ ከማስታወቂያ ቀድተውታል የሚለውን የተለመደ ግምት አልተቀበለም፤ ጽሕፈቱ ከልጅ ወደ ልጅ በደብተርና በማስታወሻ ተላልፎ አገር አዳርሷል። የሸቀጥና የማስታወቂያ ዲዛይን በኋላ ተከተለው። በእኔ እምነት ይህ ከትውልድ ጽሕፈቶች ሁሉ የላቀ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ወጣቶች በትምህርት ቤት የተሰጣቸውን አምሳያ ሆን ብለው ትተው የእርስ በርስ መለያ አድርገውታልና። እዚህ ላይ እንኳ ጽሕፈቱ የሚናገረው ስለ አንዲት ልጅ የግል ጠባይ ሳይሆን ከማን ወገን መሆን እንደ ፈለገች ነው።

ጠባይን ከጽሑፍ ለማንበብ የተደረገው ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ባልዲ በ1622 በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ግራፎሎጂ የሚለውን ስያሜ በ1870ዎቹ ያስለመደው ፈረንሳዊው ቄስ ዣን ኢፖሊት ሚሾን ሲሆን እያንዳንዱን ምልክት ከአንድ ጠባይ ጋር ያዛምድ ነበር። ተከታዩ ዡል ክሬፒዩ ዣማ ምልክት በተናጠል ሊነበብ አይገባም፣ መላው ገጽ መታየት አለበት ብሎ አሻሻለው፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ ክላገስ ደግሞ በ1917 ፍልስፍናዊ መልክ ሰጠው። ትምህርቱ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጽሑፍ ለሰው ክፍት መሆንን፣ ትላልቅ ፊደል በራስ መተማመንን፣ ጠባብ ጽሑፍ ቁጥብነትን ያሳያል። ዝምድናው በምስል የተመሠረተ መሆኑ ልብ ይሏል፤ ትልቅ ትልቅን፣ ጠባብ ጠባብን ይጠራል።

ግራፎሎጂ ግን ፈተናውን አላለፈም። የማሰብ ችሎታ መለኪያን በማዘጋጀት የሚታወቀው አልፍሬድ ቢኔ በ1906 የግራፎሎጂ ባለሙያዎችን በሳይንሳዊ ቁጥጥር መርምሮ በአንዳንድ ነገር ከዕድል የተሻለ ውጤት ቢያገኙም ስሕተታቸው ብዙ መሆኑን አሳየ። ወሳኙ ሥራ በ1989 ኤፍራት ኔተርና ገርሾን ቤን ሻካር 17 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩበት ነው። ግራፎሎጂስቶች የሠራተኛን ብቃት በመገመት ሙያውን ካልተማሩ አንባቢዎች አልበለጡም። ጽሑፉ የሕይወት ታሪክ የያዘ ሲሆን ትንሽ የመገመት አቅም ይታያል፤ ይዘቱ ስለ ጸሐፊው ምንም የማይናገር ሲሆን ግን አቅሙ ይጠፋል። ይነበብ የነበረው ታሪኩ እንጂ የፊደሉ ዘንበል ማለት አልነበረም። የጸሐፊውን ጾታ በተመለከተ ተራ አንባቢ እንኳ ከዕድል በላይ ይገምታል፤ ይህም ቢሆን ሴትና ወንድ ልጆች ስለ ንጹሕ ጽሑፍ ከሚሰጣቸው የተለያየ ማበረታቻ ጋር የሚያያዝ ነው። ሰዎች ለምን ያምናሉ ለሚለው በርትራም ፎረር በ1948 መልስ ሰጥቷል፦ ለ39 ተማሪዎች ለየብቻ እንደ ተዘጋጀ አስመስሎ አንድ ዓይነት የጠባይ መግለጫ ሲሰጣቸው ትክክለኛነቱን በአማካይ ከ5 4.26 አድርገው ገምተውታል። በዚህ መሠረት ሰውን ለሥራ የሚመርጥ ድርጅት የእጅ ጽሑፉን እንደ ጠባይ ማስረጃ ቢይዝ አመልካቹን ይበድላል፤ ይህን ለስላሳ አድርጎ ማስቀመጥ አይገባም።

ታዲያ ክብ ፊደል ለምን የዋህ፣ ሹል ፊደል ለምን ቁጡ ሆኖ ይታየናል? ስሜቱ በአንባቢዎች ዘንድ የጋራ ነው፤ የጋራ መሆኑ ግን ስለ ጸሐፊው እውነት አያደርገውም። ዲዛይነር የሚሠራው በዚህ የጋራ ስሜት ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሮዤ ኤክስኮፎን በ1953 ያወጣው ሚስትራል የተባለው የፊደል ቅርጽ በራሱ እጅ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የተለየ የብረት ቁራጭ ሆኖ ሳለ ሲደረደሩ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ሳይቋረጥ የተጻፈ ያስመስላሉ፤ አንባቢውም የቸኮለና የተዝናና ሰው እጅ ያየ ይመስለዋል። ሆላንዳውያኑ ኤሪክ ፋን ብሎክላንድና ዩስት ፋን ሮሱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የየራሳቸውን እጅ፣ የአንደኛውን የቀኝ የሌላኛውን የግራ፣ ወደ ኮምፒውተር ፎንት ለውጠዋል። በእነዚህ ሥራዎች የሚያጋጥመው ችግር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰው አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ አድርጎ አይጽፍም፤ ፎንት ግን ይደግማል፤ ተከታትለው የመጡ ሁለት አንድ ዓይነት ፊደሎችም ወዲያው ያሳብቃሉ። ሄርማን ዛፕፍ በ1998 ባወጣው ዛፕፊኖ ለብዙ ፊደል በርካታ አማራጭ ቅርጾችን ያዘጋጀውና ኮምፒውተሩ በጎረቤቱ ፊደል እየመዘነ እንዲመርጥ የተደረገው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደው እስክሪብቶ አምራቹ ቢክ ነው። በ2014 ባካሄደው ሙከራ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በስልካቸው ገጽ ላይ ፊደል በጣታቸው እንዲጽፉ አድርጎ የሁሉንም አማካይ አንድ ፊደል አወጣ፤ አማካዩን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በአገርና በሙያ ከፋፍሎ ማየትም ይቻል ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጠቃሚ ትምህርት አለው። አማካይ ሲወሰድ የግለሰቡ ጠማማና ልዩ ምልክት ይሟሟል፤ የሚተርፈው ሁሉም በልጅነቱ የተማረው የጋራ አምሳያ ነው።

ያ የሚሟሟው ልዩ ምልክት ደግሞ ለሰነድ መርማሪዎች ዋናው ሀብት ነው። ሥራቸው የማን ጽሑፍ ነው ብሎ መጠየቅ ስለሆነ ከግራፎሎጂ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሳርጉር ስሪሃሪና ባልደረቦቹ በ2002 የ1,500 ሰዎችን ጽሑፍ በኮምፒውተር መርምረው ጸሐፊውን ከመቶ 98 በሚደርስ እርግጠኝነት መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያም ሆኖ ሙያው ከባድ ውድቀቶችን አይቷል። በ1894 በፈረንሳይ የጦር መኮንኑ አልፍሬድ ድሬይፉስ ባልጻፈው ሰነድ ሲፈረድበት የፖሊስ ባለሙያው አልፎንስ ቤርቲዮን ድሬይፉስ ሆን ብሎ የራሱን እጅ አስመስሎ ጽፏል የሚል የተጠማዘዘ ምስክርነት ሰጥቷል። በ1983 ሽቴርን መጽሔት ያወጣቸውን የሐሰት የሂትለር ማስታወሻዎች መርማሪዎች መጀመሪያ ያጸደቋቸው ለማነጻጸሪያ ከቀረቡላቸው ናሙናዎች መካከል የአስመሳዩ የኮንራድ ኩያው እጅ ስለነበረባቸው ነው፤ ሐሰቱን ያጋለጠው በዋናነት የወረቀቱና የቀለሙ ምርመራ ሆነ።

የአካል ሁኔታ በጽሑፍ ላይ የሚተወው ምልክት ከጠባይ ይልቅ እጅግ የታመነ ነው። የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት ሰው መስመሩ በገፋ ቁጥር ፊደሎቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሐኪሞች ዓረፍተ ነገር ያስጽፋሉ ወይም ጥምዝምዝ መስመር ያስላሉ። በዲጂታል ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ጫናው፣ ፍጥነቱና ብዕሩ በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ጭምር ይለካል።

አሁን ያለው የትውልድ ድንበር በቅጥልጥል ጽሕፈት (ፊደሎቹ ተያይዘው በሚጻፉበት) እና በመተየብ መካከል ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጋራ የትምህርት መመዘኛ ቅጥልጥል ጽሕፈትን አላካተተም፤ ፊንላንድም ከ2016 ጀምሮ ግዴታነቱን አንሥታለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2023 ባወጣችው ሕግ መልሳ አስገብታዋለች። በዚሁ ጊዜ ኮምፒውተሮች የሰውን እጅ ጽሑፍ መማርና ማስመሰል ጀምረዋል፤ ብዕር የጨበጠ ማሽን ፊርማ መፈረም የጀመረው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። እንዲህ ያለውን ፊርማ መርማሪዎች የሚለዩት በሁለት ነገር ነው፦ የብዕሩ ጫና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለዋወጥም፤ ሁለት ፊርማዎች በብርሃን ላይ ሲደራረቡም አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።