አውራንጋባድ፦ በአራት ስም የተጠራችው ከተማ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት ያለችው ይህች ከተማ ዛሬ ይፋዊ ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ነው። ስሙ የጸደቀው በ2023 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ለ370 ዓመት አውራንጋባድ ነበረች። ከዚያ በፊት ለጥቂት ጊዜ ፋተህናጋር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ኻድኪ ተብላለች። እኔ ግን ወሬዬን ከውሃዋ ብጀምር ይሻለኛል።

የውሃው ታሪክ የሚነሳው ከእኛው አገር ሰው ነው። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ። በየመንና በባግዳድ አልፎ ዴካን፣ ማለትም የደቡብ ህንድ ከፍተኛ ምድር፣ ደረሰ። እዚያ የገዛው ሰው ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር፤ በአህመድናጋር መንግሥት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የደረሰ። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ። ጦር አሰባሰበ፣ ውሎ አድሮም የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነ። ከሰሜን የሚመጣውን የሙጋል ነገሥታት (የሰሜን ህንድ ገዢዎች) ጦር በሽምቅ ውጊያ ለዓመታት መውጫ መግቢያ አሳጣው። በ1610 ኻድኪ የምትባለውን መንደር ዋና ከተማ አደረጋት።

ቦታው ድንጋያማና ደረቅ ነበር። አምባር በስተሰሜን ካሉት ኮረብታዎች ግርጌ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሚሰርገውን ውሃ ሰበሰበ። ከዚያ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ቦይ በመሬት ውስጥ እስከ ከተማው አስዘረጋ። ፓምፕ የለ፣ ሞተር የለ፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በየመንገዱ የቆሙት የግንብ ማማዎች አየሩን ያስወጣሉ፣ ግፊቱን ያበርዳሉ። ሰዉ ነህረ አምባሪ ይለዋል፤ የአምባር ቦይ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡትም በዚሁ ዘዴ ሌሎች ቦዮች ሠሩ።

ይህን ብልሃት በዓይን ለማየት ፓንቻኪ ጥሩ ቦታ ነው። ቃሉ የውሃ ወፍጮ ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሱፊው የሃይማኖት አባት በባባ ሻህ ሙሳፊር መቃብር ግቢ ተሠራ። ውሃው ከሩቅ ምንጭ በሸክላ ቱቦ መጥቶ ከግንብ ላይ ወደ ኩሬ ይወረወራል። ጉልበቱ መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ ድንጋዩን። እህሉ ለተሳላሚዎችና ለድሆች ይፈጭ ነበር። የኩሬው ወለል ለታችኛው አዳራሽ ጣሪያ ነው። በላዩ ውሃ ተኝቶ፣ በበጋ ሙቀት ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።

ዛሬ ከተማዋ የምትጠጣው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው የጃያክዋዲ ግድብ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ባስ ሲል ብዙ ቀን ይጠፋል። በርሜል መደርደሩን፣ ጀሪካን መሙላቱን አዲስ አበቤ ያውቀዋል። አሮጌዎቹ ቦዮች ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ በመንገድና በሕንፃ ተሰባብረዋል። በውሃ የተመሠረተች ከተማ እንዲህ ስትጠማ ማየት ያሳዝናል።

በ2011ዱ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ግማሹ ያህል ሂንዱ፣ 30 በመቶ ገደማው ሙስሊም ነው፤ ቡድሂስቱም ብዙ ነው። በገበያ የማራቲና የዴካን ኡርዱ ቋንቋዎች ይደባለቃሉ።

ምግቧ ናን ቃሊያ ነው። ቃሊያ በቅመም በደንብ የበሰለ የበግ ወጥ ነው። ናኑ ከቦካ ሊጥ በምድጃ ይጋገራል፤ ላዩ እርድ ስለሚቀባ ወርቅ ይመስላል። ለወታደር ስንቅ ተብሎ የተጀመረ ነው ይላሉ። አሁን የሰርግና የድግስ ምግብ ነው።

ሂምሩ የሚባለውን ጨርቅ ሳላነሳ አላልፍም። ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ሐር ነው። ሸማኔው እንደ እኛው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ይቀመጣል። ረዳቱ ከላይ ክር እየሳበ ጥለቱን ያወጣል። ሥራው በጣም ቀርፋፋ ነው። የማሽኑ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ስለወሰደበት በእጅ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው።

ልጆቻቸው ወደ ፋብሪካ ሄደዋል። በከተማዋ ዳር፣ ዋሉጅ ላይ፣ የባጃጅ ኩባንያ ከ1985 ጀምሮ ፋብሪካ አለው፤ እኛ በኩባንያው ስም ባጃጅ የምንላትን ባለሦስት እግር እዚያ ያመርታል።

ወደ ስሙ ልመለስ። የሙጋሉ ልዑል፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆነው አውራንግዜብ በ1653 በራሱ ስም ሰየማት። አዲሱ ስም ደግሞ እሱ በ1689 ያስገደለው፣ የማሃራሽትራው የማራታ ሕዝብ ንጉሥ የሳምባጂ ነው። ለብዙ ማራታዎች ይህ የተመለሰ ክብር ነው። በአሮጌው ስም ላደጉ ብዙ ሙስሊሞች ግን አብሯቸው የኖረ ነገር ነው የተነጠቀው። የሁለቱም ስሜት ይገባኛል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ሲራጅ አውራንጋባዲ ግን ከተማዋን በስሙ ላይ ይዟት ቀርቷል፤ የእሱን ስም የሚቀይር አዋጅ የለም።

የከተማዋ በሮች 52 ናቸው ይባላል። ብዙዎቹ ፈርሰዋል። የማካይ በር ግን ከነድልድዩ ቆሟል፤ መኪናውም ሞተሩም ባጃጁም ዛሬም በጠባቡ ቅስት ስር ተራ በተራ ያልፋል።