የሶፍትዌር ጥቅልና የጥገኝነት ችግሮቹ

ጥቅል ማለት አንድ ፕሮግራም ከነመጫኛ መረጃው ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ፋይል ነው። ብቻውን ግን ምሉዕ አይደለም። አብዛኛው ፕሮግራም ሌሎች ያዘጋጇቸውን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ተደግፎ ይሠራል፤ ይህም ጥገኝነት ይባላል። የጎደለውን ለይቶ የሚያመጣው ጥቅል አስተዳዳሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ በመሠረተው የሊኑክስ ስርዓት በዴቢያንና ከእሱ በተወለደው ኡቡንቱ ይህን ሥራ ዲፒኬጂና ኤፒቲ ተካፍለው ያከናውኑታል፤ ዲፒኬጂ ፋይሉን ይጭናል፣ ኤፒቲ ጥገኝነቱን ከማከማቻ (ጥቅሎች ተሰብስበው ከሚወርዱበት ቦታ) ያመጣል።

የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ኢንተርኔት በሌለበት ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ውስጥ በኔትወርክ ላይ የተዘጋጀ ጥቅል በፍላሽ ተይዞ ጣናን አቋርጦ ዘጌ ቢደርስ፣ ዲፒኬጂ ይዘረጋዋል እንጂ ጥገኝነቱ ካልተሟላ አያዋቅረውም፣ ማለትም ለሥራ ዝግጁ አያደርገውም። የጎደለው ኤፒቲ በሚያውቃቸው ማከማቻዎች ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ፣ ጠግን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መፍትሔ ያንኑ የመጣውን ጥቅል ማስወገድ ነው።

የስህተት መልእክቱን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። «የተሰበሩ ጥቅሎች ተይዘዋል» የሚለው የመጨረሻ መስመር ብዙዎችን ያሳስታል፤ መንስኤው ከእሱ በላይ፣ የትኛው ጥቅል የትኛውን እንደሚፈልግና ያኛው ለምን እንደማይጫን በሚናገሩት መስመሮች ላይ ተጽፏል።

የስሪት አለመጣጣም የተለመደው መንስኤ ነው። በኡቡንቱ 20.04 ላይ የተዘጋጀ ፕሮግራም ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን የኦፕንኤስኤስኤልን 1.1 ላይብረሪ በስሙ ሊጠራ ይችላል፤ ኡቡንቱ 22.04 ግን ወደ 3ኛው ስሪት ተሻግሮ የቀድሞውን ከማከማቻው አውጥቷል። አሮጌውን ፋይል ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን ለጊዜው ያሠራል፤ ነገር ግን አዘጋጆቹ ለ1.1 የሚሰጡትን ነጻ የደህንነት ጥገና እ.ኤ.አ. በ2023 ስላቆሙ በማንም ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ሊጫን አይገባም። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን በ22.04 ላይ እንደገና ማጠናቀር፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ ወደሚሠራ ፋይል መቀየር ነው። አብዛኛው ፕሮግራም የሚደገፍበት የመሠረታዊው የሲ (C) ላይብረሪ ጉዳይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፦ በአዲስ ስርዓት ላይ የተጠናቀረ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ ሊከፈት አይችል ይሆናል፤ ስለዚህ ለብዙ ስሪቶች የሚያገለግል ጥቅል ከሚደገፉት በጣም አሮጌ በሆነው ላይ ይዘጋጃል።

ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ጥገኝነት ነው። የዴቢያን መሣሪያ የተጠናቀረውን ፋይል መርምሮ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች በራሱ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚከፍታቸውን ላይብረሪዎች፣ የፓይተን ሞጁሎችን፣ ስክሪፕት የሚጠራቸውን ትእዛዞች ግን አያይም፤ እነዚህን ጥቅል አዘጋጁ ራሱ መጻፍ አለበት። ለእኛ ቋንቋ ደግሞ ፊደል አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን የያዘ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ፕሮግራሙ ያለ ችግር ተጭኖ፣ አንድም የስህተት መልእክት ሳይሰጥ፣ የማይነበብ ገጽ ያሳያል። የአማርኛ መተግበሪያ የሚያዘጋጅ ሰው እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንትን በጥገኝነቱ ዝርዝር ውስጥ ቢያሰፍር ብዙ ተጠቃሚን ከእንግልት ያድናል።

አዘጋጁ ይህን ጉድለት በራሱ ኮምፒውተር ላይ አያገኘውም። በዓመታት የሰበሰባቸው ላይብረሪዎችና ፎንቶች ሁሉ እዚያው ስላሉ የተረሳው እንዳልተረሳ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ጥቅሉ ምንም ባልተጨመረበት ንጹሕ ስርዓት ውስጥ ይገነባል፣ በሌላ ንጹሕ ስርዓት ውስጥም ይጫናል። በፍላሽ ለሚላክ ጥቅል ሙከራው አንድ ደረጃ ይጨምራል፦ በተቀባዩ ስሪት ንጹሕ ስርዓት ላይ የሚወርዱት ጥገኝነቶች በሙሉ በአንድ አቃፊ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሎ ከዚያ አቃፊ ብቻ ይጫናል፤ ፕሮግራሙም ተከፍቶ አንድ የአማርኛ ገጽ ይነበብበታል።