ዱካክ ሲጫነን ምን እየሆነ ነው?

ሌሊት ዓይናችን ተገልጦ፣ ክፍሉን እያየን፣ መንቀሳቀስም መጮህም ሲያቅተን «ዱካክ ተጫነኝ» እንላለን። ነገሩ የሕልም ጉዳይ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ አሰሪንስኪና ክላይትማን ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ይፋ አደረጉ፤ ደማቅ ሕልም የሚበዛው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ባያስር በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን አይታሰርም። ዱካክ የሚመጣው አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ እስሩ ሳይፈታ ሲቀር ነው። የሕልሙ ቅሪት አብሮ ስለሚቆይ ደረት ላይ የተቀመጠ ጥላ ሊታይ ይችላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ይለቃል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ቀን ቀንም ድንገት እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ሐኪም አማክሩ።