«ጭንቅላቴ ዝም አላለም» እና ሌሎች ስለ ማይንድፉልነስ ሁሌ የምሰማቸው ነገሮች

«ሞከርኩት እኮ፣ ግን ጭንቅላቴ ዝም አይልም።» የቴራፒ ስራ ላይ ያለ ሰው ይሄን ስንቴ እንደሚሰማው! ማይንድፉልነስ (ሀሳብን አሁን በሚደረገው ነገር ላይ ማድረግ፣ ሲሸሽም መመለስ) ልሞክር ብለው ዩቲዩብ ከፍተው አይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ የቤት ኪራዩ ትዝ ይላቸዋል፣ ከዛ «ለኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ስለዚ ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂቶቹን እዚህ ልመልስ።

«ማይንድፉልነስ ምንም አለማሰብ ነው»

ኧረ አይደለም። ስሙ አዲስ ሆኖብን ነው እንጂ እናቶቻችን «ቀልብህን ሰብስብ» ሲሉን የኖሩት ነገር ነው። ቃሉን እዩት፣ ሰብስብ የሚባለው የተበተነ ነገር ነው፣ መበተኑ ደሞ የማንም ጭንቅላት ስራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በስልካቸው ቀኑን ሙሉ በየመሀሉ «አሁን ምን እየሰራህ ነው፣ ሀሳብህስ የት ነው» እያሉ ሲጠይቁ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሀሳባቸው ከሚሰሩት ነገር ውጪ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ቀን ማለት ነው በቃ።

አንዲት ደንበኛዬ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ነገሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ) ቁጭ ብላ ትንፋሽ ማዳመጥ አልሆን ሲላት እንጀራ ስትጋግር ሞክሪው አልኳት። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ታፈሳለች፣ አይኑ ሲወጣ ታያለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ልብ ትላለች፣ ሌላ ምንም የለውም። የመጀመሪያው ማሟሻ ነው፣ ማንም ከሱ ብዙ አይጠብቅም። ሶስተኛው ላይ ግን አለቃዋ የተናገራት ነገር ትዝ ይላትና ጭልጥ፣ ስትነቃ የእንጀራው ጠርዝ ደርቆ ተነስቷል። በሳምንቱ መጥታ እንዳፈረ ሰው ሆና «11 ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ» አለችኝ። እኔ ደሞ ደስ አለኝ! ምክንያቱም ስራው መመለሱ ነው፣ ካልሄደችማ ከየት ትመለሳለች፣ 11 ጊዜ ሰራችው ማለት ነው።

«አታስብ፣ እርሳው»

ይሄ ለቅሶ ቤትም ካፌም የሚሰጥ ነጻ ምክር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዌግነር የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወሉን ንኩ» አላቸው፣ ደወሉ በየመሀሉ ሲጮህ ነበር። ድብ በሌለበት አገር ያደግን እኛም ብንሞክረው ያው ነው። «አትጨነቅ» የተባለ ሰው ከጭንቀቱ ላይ አለመጨነቅ አቃተኝ ብሎ ይጨነቃል።

«የሌላ ሀይማኖት ነው»

ሳልደብቅ ልናገር፣ ስሩ ቡድሂዝም ነው። ወደ ህክምናው ያመጣው ግን ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የማይለቅ ህመም ላለባቸው ሰዎች የሳምንታት ስልጠና አድርጎ፣ አምልኮ ምናምን የሌለበት። አንዲት እናት «ልጄ፣ ከእምነቴ ያጣላኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ትንፋሽዎን ልብ ማለት ነው እማማ፣ ቅር ካለዎት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ እስከዛው ጸሎት ላይ ሀሳብ ሲሸሽብዎት ቀስ ብለው ይመልሱት አልኳቸው። «እሱንማ ድሮም እየታገልኩ ነው» ብለው ሳቁ።

«ዘና ካላልኩ አልሰራም ማለት ነው»

አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል። ጦርነት፣ አደጋ ወይ ጥቃት ያሳለፈ ሰው አይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንደዛ ከሆነ አይን አይጨፈንም፣ እግርህን መሬት ላይ አስረግጠህ ክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ጥራ፣ ከከበደህ ተወውና ከባለሙያ ጋር አድርገው።

«መድኃኒቱን ይተካልኛል»

እዚህ ላይ ነው እኔም ራሴ ቀልቤን መሰብሰብ የሚያቅተኝ። የዲፕሬሽን መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሰው ግን በ10ኛው ቀን «አልሰራም» ብሎ ያቆማል፣ ወይ ደሞ ሲሻለው ሀኪሙን ሳያማክር በአንዴ ይጥለዋል። ባይፖላር ወይ ስኪዞፍሬንያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ህመም ያለበት ሰው በትንፋሽ ብቻ አይታከምም። ጸበል እየሄዱ መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ደንበኞች አሉኝ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ የመጣበት ሰው ደሞ ብቻውን ቁጭ ብሎ ትንፋሽ አይቆጥርም፣ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገርና ሆስፒታል ይሂድ።

«ጊዜ የለኝም»

ግማሽ ሰአት መቀመጥ ግዴታ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ላይ የእግርህ ክብደት ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ልብ ማለት ይበቃል። ይሄን የምለው እኔ ራሴ ባለፈው ማክሰኞ ከሜክሲኮ ጀሞ ታክሲ ይዤ ሳርቤት መውረድ ሲገባኝ ይሄንኑ ጽሁፍ በሀሳቤ እየጻፍኩ «የኔ እናት፣ መጨረሻ ነው» ብሎ ወያላው ቀሰቀሰኝ። አስፋልቱን ተሻግሬ የመመለሻውን ሰልፍ ያዝኩ፣ ረጅም ነበር።